በመኖሪያ ግቢ የእንጨት ሥራ ለመሥራት ፈቃድ አወጣጥ፦ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ ውሳኔው ማግስት

ከቤት ሆነው ከሚሠሩ ሥራዎች ሁሉ ፈቃድ ለማግኘት ከሚያስቸግሩት አንዱ እንጨት ሥራ ነው። ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ሰው መኖሩን ጎረቤት ላያውቅ ይችላል። መጋዝ ግን ይሰማል። ሰጋቱራ ይበናል፣ ቫርኒሽ ይሸታል፣ ጣውላ የጫነ መኪና መንገድ ይይዛል። ስለዚህ «ከቤት መነገድ ይፈቀዳል» የምትል አንዲት መስመር አይቶ ማሽን መግዛት አደገኛ ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩ አይቻልም ማለት አይደለም። በእኔ እምነት ብዙ ማመልከቻ የሚበላሸው አመልካቹ ስለ ሙያው ብቻ ስለሚያወራ ነው። ስለ ችሎታው፣ ስለ እንጨቱ ውበት፣ ገቢ ስለሚያስፈልገው ቤተሰቡ ይጽፋል። ውሳኔ ሰጪው ክፍል ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ ከአጥርዎ ውጭ ምን ይወጣል? ይህችን ጥያቄ ቀድመው፣ በቁጥር አስደግፈው ከመለሱ ትልቁን ሥራ ጨርሰዋል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በሙሉ ለዚያ መልስ መዘጋጃ ነው።

የቢሮዎቹና የፈቃዶቹ ስም ከአገር አገር ይለያያል። አንዱ ጋ ማዘጋጃ ቤት፣ ሌላው ጋ የከተማ ፕላን ቢሮ ወይም የወረዳ አስተዳደር ይባላል። አካሄዱ ግን በጣም ይመሳሰላል።

ደንቡ ለምን እንዲህ ሆነ?

ከተሞች መሬታቸውን በዞን፣ ማለትም ለመኖሪያ፣ ለንግድ፣ ለፋብሪካ እየለዩ መከፋፈል የጀመሩት ፋብሪካና መኖሪያ ቤት ጎን ለጎን መሆናቸው ስላስቸገረ ነው። ፍራንክፈርት እ.ኤ.አ. በ1891፣ ኒው ዮርክ ደግሞ በ1916 ከተማቸውን በዞን የሚከፍል ደንብ አወጡ። ሐሳቡ ከዚያ በኋላ በመላው ዓለም ተስፋፋ። የመኖሪያ ዞን ሲባል ሰዎች የሚተኙበት፣ ልጆች የሚያድጉበት፣ ፀጥታው የሚጠበቅ አካባቢ ማለት ነው። የእርስዎን ማመልከቻ የሚያነበው ባለሙያም ይህን ይዞ ነው የሚያነበው። እንጨት ሥራ ደግሞ በብዙ ደንቦች ውስጥ ከአነስተኛ ኢንዱስትሪ ጎራ ይመደባል። ስለዚህ ሸክሙ ያለው እርስዎ ላይ ነው። የእርስዎ ሥራ በመጠኑም በጠባዩም ከፋብሪካ እንደማይቆጠር ማሳየት ይጠበቅብዎታል።

መጀመሪያ፦ የቦታዎን ዞን ይወቁ፣ ደንቡን ራስዎ ያንብቡ

ከሰው ጠይቆ መተው አይበቃም። «እገሌ ሲሠራ ማንም አልነካውም» የሚለው ወሬ ዋጋ የለውም። እገሌ ፈቃድ ኖሮት ሊሆን ይችላል፣ ዞኑ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ገና አቤቱታ አልቀረበበት ይሆናል።

የዞን ካርታው አብዛኛውን ጊዜ በአስተዳደሩ ድረ ገጽ ላይ ወይም በፕላን ክፍሉ መስኮት ይገኛል። የቦታዎን ቁጥር ይዘው ይፈልጉ። ዞንዎን ካወቁ በኋላ የደንቡን ጽሑፍ ያውጡ። በተለይ ሦስት ቦታ ላይ ረጋ ብለው ያንብቡ።

አንደኛው ትርጓሜው ነው። «በመኖሪያ ቤት የሚከናወን ሥራ» የሚለው እንዴት ተተረጎመ? ብዙ ጊዜ ሥራው ለመኖሪያነቱ ተጨማሪ ብቻ መሆን አለበት ይላል። የቤቱ መልክ መለወጥ የለበትም። የቤቱ ነዋሪ ያልሆነ ሠራተኛ አይፈቀድም፣ ወይም በቁጥር ይገደባል። የሚይዘው ስፋት በመቶኛ ይወሰናል። አንዳንዱ ደንብ ሥራው ዋናው ቤት ውስጥ ብቻ እንዲሆን ያዝዛል፤ ጋራዥና የጓሮ ክፍል አይፈቀድም ማለት ነው። ለአናጺ ይህ ወሳኝ መስመር ነው።

ሁለተኛው የክልከላ ዝርዝሩ ነው። የመኪና ጥገና፣ ብየዳና የእንጨት ሥራ በስም ተጠቅሰው የተከለከሉበት ደንብ አለ። የሙያዎ ስም እዚያ ውስጥ ካለ ቶሎ ማወቁ ይሻላል። ግን ቃሉን በትክክል ይዩት። «የካቢኔት ፋብሪካ» የሚል ክልከላ ማንኪያና ጎድጓዳ ሳህን የሚፈለፍልን ሰው ላይነካ ይችላል። ይህን የመተርጎም ሥልጣን ያለው ቢሮው ስለሆነ ትርጓሜውን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ሦስተኛው ከንግድ ደንቡ ውጭ ያለው ነው፦ የድምፅ ደንብ፣ የእሳት መከላከያ ደንብ፣ የሕንፃ ደንብ። የዞን ክፍሉ ቢፈቅድልዎትም እነዚህ ሊያግዱዎት ይችላሉ።

የትኛው መንገድ ነው የእርስዎ?

በጥቅሉ ሦስት ዓይነት በር አለ። ቀላሉ፣ ሥራው የደንቡን መስፈርት ካሟላ አንድ ሠራተኛ አይቶ ወዲያው የሚፈርመው ነው። መካከለኛው፣ በቦርድ ወይም በኮሚቴ ፊት ቀርቦ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ግዴታ ተጽፎበት የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ኤሌክትሪክ ማሽን የሚጠቀም እንጨት ሠሪ ብዙ ጊዜ የሚገባው በዚህ በር ነው። ሦስተኛው፣ ደንቡ የከለከለውን ነገር ለእርስዎ ብቻ በልዩ ሁኔታ ፍቀዱልኝ ማለት ነው።

በሦስተኛው ላይ ብዙ ተስፋ አያድርጉ። እንዲህ ያለው ልዩ ፈቃድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መሬቱ ራሱ ችግር ሲኖርበት ነው፤ ለምሳሌ ቅርፁ ጠማማ ሆኖ ደንቡ የሚጠይቀውን ርቀት መጠበቅ ሲያቅት። «ሌላ ቦታ ኪራይ ውድ ነው» የሚል ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም። ስለዚህ ጉልበትዎን አስቀድመው የሥራዎን መጠን በመቀነስ ላይ ያውሉት፣ ከሦስተኛው በር ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ አንደኛው ሊያወርድዎት ይችላል። አንድ ማሽን መተው፣ የደንበኛ ጉብኝት ማስቀረት ወይም ቀለም መርጨቱን ውጭ ማሠራት በሩን ሲቀይረው ይታያል።

ከመንግሥት ሌላ ከልካይ አለ?

ተከራይ ከሆኑ ውልዎን ይዩ። የአከራዩን ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ፤ ብዙ ቢሮዎችም የባለቤቱን ፊርማ ማመልከቻው ላይ ይጠይቃሉ። ኮንዶሚኒየም ወይም የነዋሪዎች ማኅበር ያለበት ሰፈር ከሆነ የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ከከተማው ደንብ ሊጠብቅ ይችላል። ከተማው ፈቀደ ማለት ማኅበሩ ፈቀደ ማለት አይደለም።

የቤት ኢንሹራንስዎንም ያስታውሱ። ተራ የቤት ፖሊሲ የንግድ ማሽንና ከንግድ የተነሳ እሳትን ብዙ ጊዜ አይሸፍንም። ለድርጅቱ ሳይናገሩ ከጀመሩ ጉዳት ሲደርስ ካሳ ሊከለከሉ ይችላሉ። ቤቱ የባንክ ብድር ካለበት የብድር ውሉንም ይመልከቱ።

ሥራዎን በቁጥር ይግለጹ

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። አንድ የተለመደ የሥራ ሳምንት አስቡና ጻፉ ብል ብዙ ሰው «እንደ ሥራው ነው» ይለኛል። እንደ ሥራው የሚለውን ቦርድ ሊፈቅድ አይችልም። ለማን ምን እንደሚፈቅድ አያውቅማ።

የሚከተሉትን በወረቀት ላይ ያስፍሩ፦ ምን ይሠራሉ፣ በየትኛው ክፍል፣ ስንት ካሬ ሜትር ላይ። የትኞቹን ማሽኖች ይጠቀማሉ፣ እያንዳንዱ በቀን ስንት ደቂቃ ይሠራል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚያልፈው ግን በጣም የሚጠቅም ነው። ወንበር የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ወርክሾፕ ቢውልም መጋዙ የሚጮኸው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ቀሪው መለካት፣ ማጋጠም፣ በኮላ ማጣበቅ፣ በእጅ መላግና በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው። ጎረቤት ግን «ወርክሾፕ» ሲባል ከጠዋት እስከ ማታ የማያቋርጥ ጩኸት ነው የሚመጣበት። አንድ ሳምንት ማሽን ባበሩና ባጠፉ ቁጥር ሰዓቱን ቢመዘግቡ ይህን ፍርሃት በማስረጃ ይመልሱታል። ገና ማሽን ካልገዙ በጋራ ወርክሾፕ ወይም በሚያውቁት ሰው ቤት ተመሳሳይ ዕቃ እየሠሩ መመዝገብ ይችላሉ።

ከዚያ መኪናውን ይጻፉ። እንጨት በምን ያህል ጊዜ ይመጣል? በምን መኪና? የት ቆሞ ይራገፋል? ያለቀው ዕቃ እንዴት ይወጣል? ደንበኛ ወደ ቤት ይመጣል ወይስ እርስዎ ያደርሳሉ? ምክሬን ከጠየቁኝ በመጀመሪያው ዓመት ደንበኛ ቤት እንዳይመጣ ያድርጉ። ትዕዛዝ በስልክና በፎቶ መቀበል ይቻላል። ደንበኛ ካልመጣ የመኪና ማቆሚያ፣ የታፔላና የደጅ ግርግር ጥያቄ አብሮ ይቀራል።

ድምፅ፦ ፈቃዱ የሚጸናውም የሚወድቀውም እዚህ ነው

የጠረጴዛ መጋዝና የመላጊያ ማሽን አጠገቡ ለቆመ ሰው ከ95 እስከ 105 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) የሚደርስ ድምፅ ያወጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው የአካባቢ ድምፅ መመሪያ መሠረት ቀን ላይ ከቤት ውጭ በሚዝናኑበት ቦታ አማካይ ድምፁ 50 ዴሲቤል ሲደርስ ሰው መጠነኛ፣ 55 ሲደርስ ደግሞ ከባድ መረበሽ ሊሰማው ይችላል። የአካባቢዎ የድምፅ ደንብ የራሱ ገደብ ይኖረዋል፤ የሚገዛዎትም እሱ ነው። ገደቡ የሚለካው ወሰኑ ላይ ነው ወይስ ጎረቤት መስኮት ላይ? አማካይ ነው ወይስ ከፍተኛው ጩኸት? እነዚህን ለይተው ይወቁ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። ገላጣ ቦታ ላይ ከአንድ ማሽን የሚወጣ ድምፅ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። 1 ሜትር ላይ 100 ከሆነ፣ 2 ሜትር ላይ 94፣ 4 ሜትር ላይ 88፣ 8 ሜትር ላይ 82፣ 16 ሜትር ላይ 76 ይሆናል። ጎረቤትዎ 16 ሜትር ርቆ ቢኖር እንኳ ወደ 55 ለማውረድ ሌላ 21 ዴሲቤል የሚቀንስ ግድግዳ ያስፈልግዎታል። ግምታዊ ሒሳብ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ድምፁ ስለሚያስተጋባና አጥርም ስለሚመልሰው ቁጥሩ ይለወጣል። አቅጣጫውን ግን ያሳያል።

21 ዴሲቤል ለደህና ግድግዳ ከባድ አይደለም። ችግሩ ቀዳዳው ነው። የቱንም ያህል ወፍራም ግድግዳ ቢሠሩ፣ ከስፋቱ 1 በመቶ የሚሆነው ክፍት ከሆነ አጠቃላይ ቅነሳው ከ20 ዴሲቤል አያልፍም። 20 ካሬ ሜትር ግድግዳ ላይ 1 በመቶ ማለት 0.2 ካሬ ሜትር ነው። ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር የሆነ ክፍተት ማለት ነው። ገርበብ ያለች መስኮት በቀላሉ ትሞላዋለች። ስለዚህ ገንዘብዎን ግድግዳ ከማወፈርዎ በፊት በር ሥር፣ መስኮት ዙሪያና ጣሪያው ከግድግዳው የሚገናኝበት ቦታ ላይ ያውሉት። በሩ ከባድና ሙሉ እንጨት ይሁን፤ ዙሪያውን ጎማ ይልበስ። የጋራዥ ቆርቆሮ በር ከሁሉም ደካማው ነው። ከጀርባው ሌላ ከባድ በር ወይም ተነቃይ ግድግዳ ይጨምሩበት። በተዘጋ ክፍል መሥራት ሙቀት ስለሚያመጣ አየር የሚገባበትን ቱቦ ጠመዝማዛና ውስጡን ስፖንጅ የለበሰ ያድርጉት።

ሌላው ንዝረት ነው። ማሽኑ በቀጥታ ወለል ላይ ከቆመ ጩኸቱ በወለሉና በግድግዳው በኩል ወደ ጎረቤት ቤት ይገባል፤ በተለይ ግድግዳ ከተጋሩ። ከሥሩ ወፍራም ጎማ ያድርጉ፣ ከጋራ ግድግዳውም ያርቁት። የመላጊያ ማሽን ሲገዙ ምላጩ በትናንሽ ቁርጥራጮች ጠመዝማዛ ሆኖ የተደረደረውን ይምረጡ። ከቀጥተኛ ምላጭ ይልቅ ረጋ ያለ ድምፅ አለው። አቧራ መሳቢያውንም አይርሱ፤ ማሽኑ ሲቆም እሱ ብዙ ጊዜ ይቀጥላል። ጎረቤትን የሚያሰለቸውም ይህ የማያቋርጥ ጉምጉምታ ነው።

ከዚያ ይለኩ። የስልክ መተግበሪያ ለመነሻ ያህል ይጠቅማል፤ ለማስረጃ ግን ደህና የድምፅ መለኪያ መከራየት ወይም ባለሙያ ማምጣት ይሻላል። ማሽኑ ጠፍቶ፣ ከዚያ በጣም ጠንካራውን እንጨት እየቆረጠ፣ በአጥሩ በአራቱም አቅጣጫ ይለኩ። ማሽኑ ያለ ሥራ ሲዞር ብቻ የተለካ ቁጥር ይዘው ቢቀርቡ አንድ የሚያውቅ ሰው ቦርዱ ላይ ካለ ወዲያው ይጠይቅዎታል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቆሙበትን ቦታና የበሩን ሁኔታ ይመዝግቡ።

የራስዎን ጆሮም ይጠብቁ። በአሜሪካው የሙያ ደህንነት ተቋም ናዮሽ ምክር በ85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መቆየት አይገባም፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ100 ዴሲቤል የቀረዎት 15 ደቂቃ ብቻ ነው።

አቧራና እሳት

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ሰነድ የእንጨት ብናኝን ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፤ በተለይ የአፍንጫ ውስጥ ካንሰርን። ይህን የሚያውቅ ጎረቤት ማመልከቻዎ በሚታይበት ስብሰባ ላይ ቢያነሳው መልስ ሊኖርዎት ይገባል። መልሱም አቧራው ከምንጩ ይያዛል የሚል ነው። ማሽኖቹ በሙሉ ከመሳቢያ ጋር ይገናኛሉ፣ አየሩ በደቃቅ ማጣሪያ ያልፋል፣ ሰጋቱራው በተዘጋ ከረጢት ይወገዳል። አየሩን ወደ ውጭ የሚተፋ መሳቢያ ካለዎት ወደ ጎረቤት አቅጣጫ እንዳይሆን። ሌላ የአየር ጥራት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነም ይጠይቁ።

ደቃቅ የእንጨት ብናኝ አየር ላይ ተበትኖ ብልጭታ ካገኘው ሊፈነዳ ይችላል። የእሳት መከላከያ ባለሙያው ይህን ያውቃል። ስለዚህ መሳቢያውን መቼ እንደሚያራግፉ፣ የመብራት መስመሩ በባለሙያ እንደተዘረጋ፣ የእሳት ማጥፊያው የት እንደተሰቀለ ይጻፉለት።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ላሰምርበት። በተልባ ዘይት ወይም በሌላ የሚደርቅ ዘይት የተነከረ ጨርቅ ተጨምቆ ከተጣለ በራሱ ሊቃጠል ይችላል። ዘይቱ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ሙቀት ያወጣል፣ የተጠቀለለው ጨርቅ ሙቀቱን ያፍነዋል፣ ከሰዓታት በኋላ ማንም ሳይነካው እሳት ይነሳል። ቤተሰብ በተኛበት ግቢ ማለት ነው። ጨርቁን አንድ በአንድ ዘርግተው ውጭ ያድርቁ፣ ወይም ውሃ በያዘ ክዳናም የብረት ዕቃ ውስጥ ያኑሩ። ይህን ልማድ ማመልከቻው ላይ በሁለት መስመር ይግለጹት። ሥራውን እንደሚያውቁ የሚያሳይ ነገር ነው።

ቲነርና ተቀጣጣይ ቫርኒሽ የሚረጩ ከሆነ ፈቃዱ ይከብዳል። በብሩሽ ወይም በጨርቅ የሚቀባ፣ ውሃ የሚያቀጥነው ማጠናቀቂያ ይምረጡ። መርጨት ግድ ከሆነ ተገቢው ክፍል ያለው ሰው ዘንድ ይላኩት።

ቢሮ ሄደው ያማክሩ

ክፍያ ከመክፈልዎ በፊት የፕላን ባለሙያውን ያነጋግሩ። ብዙ ቦታ ይህ ቅድመ ምክክር ነፃ ነው፣ ወይም ክፍያው አነስተኛ ነው። ባዶ እጅዎን አይሂዱ። የሥራ መግለጫዎን፣ የግቢውን ንድፍና የማሽን ዝርዝሩን ይዘው ይሂዱ።

«ይፈቀዳል ወይ?» ብቻ ብለው አይጠይቁ። «ይህ መግለጫ በየትኛው አንቀጽ ሥር ይታያል? ችግር ያለበት የትኛው ነጥብ ነው? ምን ባስተካክል በቀላሉ ያልፋል? ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ማመልከቻ ቀርቦ ያውቃል? ውሳኔውን ማየት እችላለሁ?» ይበሉ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ወርቅ ናት። ያለፈው ውሳኔ ቦርዱ ምን እንደሚያሳስበውና ምን ዓይነት ግዴታ እንደሚጽፍ ይነግርዎታል። ወደ ቤት ሲመለሱ የተባለውን በአጭር ኢሜይል ጽፈው «በትክክል ተረድቻለሁ?» ብለው ይላኩ። በቃል የተነገረ ነገር ሠራተኛ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ጎረቤትን ከደብዳቤው ይቅደሙ

ማመልከቻው ሕዝባዊ መድረክ የሚያስፈልገው ከሆነ ቢሮው ለአዋሳኝ ጎረቤቶች ማስታወቂያ ይልካል። ደረቅ ደብዳቤ ነው። «የእንጨት ሥራ ማምረቻ» የሚል ነገር አንብቦ የማይደነግጥ የለም። ከዚያ ቀን በፊት ራስዎ በራቸውን ያንኳኩ።

ሲያነጋግሩ አይለምኑ፣ አይከራከሩም። ምን እንደሚሠሩ፣ በየትኛው ሰዓት፣ ለምን ያህል ጊዜ ይንገሩና ይጠይቁ።

«እርስዎን በጣም የሚያሳስብዎት ምንድን ነው?»

«እኔ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ጠዋት ነው የምተኛው።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ 6 ሰዓት። ከዚያ በኋላ ብትጮኽም አይሰማኝም።»

እንዲህ ያለውን ነገር የትኛውም ደንብ ውስጥ አያገኙትም። ማሽን የሚነሳበትን ሰዓት ወደ ከሰዓት ማዛወር ምንም ላያስወጣዎት ይችላል፤ ተቃዋሚ ሊሆን የነበረውን ሰው ግን ያሳርፈዋል። ሌላው የሚጠቅም ነገር ማሰማት ነው። ጎረቤቱ መኝታ ቤቱ ውስጥ ቆሞ እርስዎ መጋዙን ያስነሱ። ከሰማ ምን ያህል እንደሰማ ይነግርዎታል። ካልሰማ ደግሞ መድረክ ላይ የሚናገርልዎት ሰው አገኙ። የሚደግፉዎት ሰዎች አጭር ደብዳቤ በራሳቸው አነጋገር ይጻፉ። አንድ ዓይነት ጽሑፍ ላይ የተሰበሰበ ፊርማ ያን ያህል ክብደት የለውም።

ማመልከቻው ውስጥ ምን ይግባ?

ቅጹን አንድም ባዶ ቦታ ሳይተዉ ይሙሉ። ከእሱ ጋር በመጠን የተሠራ የግቢ ንድፍ ያያይዙ፤ ወሰኑ፣ ቤቱ፣ ወርክሾፑ፣ የጎረቤት ቤቶች ርቀት፣ መኪና የሚቆምበት ቦታ ይታይ። የወርክሾፑን የውስጥ ንድፍ፣ ፎቶዎች፣ የማሽን ዝርዝር፣ የድምፅ ልኬቱን፣ የኢንሹራንስ ወይም የአከራይ ደብዳቤውን ይጨምሩ። ዋናው ግን የሥራ መግለጫው ነው። በአንድ ገጽ ይለቅ። እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«በግቢዬ ጀርባ ባለው 24 ካሬ ሜትር ክፍል ውስጥ ወንበር፣ መደርደሪያና ትናንሽ ጠረጴዛዎች እሠራለሁ። የምሠራው ብቻዬን ነው። የኤሌክትሪክ ማሽን የማንቀሳቅሰው ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን በድምሩ በቀን ከ2 ሰዓት አይበልጥም። ማሽን ሲሠራ በርና መስኮት ይዘጋሉ። በሌላ ሰዓት የምሠራው በእጅ መሣሪያ ብቻ ነው። እንጨት በወር ሁለት ጊዜ በአነስተኛ መኪና ይመጣል፤ ግቢ ውስጥ ይራገፋል። ደንበኛ ወደ ግቢው አይመጣም። ታፔላ አይሰቀልም። ከቤት ውጭ እንጨትም ሆነ ሰጋቱራ አይቀመጥም። ተቀጣጣይ ቀለም አይረጭም። ከእነዚህ አንዱን መለወጥ ብፈልግ አስቀድሜ ለቢሮው አመለክታለሁ።»

ቁጥሮቹን በራስዎ ይተኩ። ልብ ይበሉ፣ ይህ መግለጫ የራስዎን ግዴታ ራስዎ መጻፍ ነው። ቦርዱ ግዴታ መጻፉ አይቀርም፤ እርስዎ ካልጻፉለት ከሌላ ጉዳይ የተቀዳ፣ ለሥራዎ የማይመች ግዴታ ሊሰጥዎ ይችላል። ሊጠብቁት የማይችሉትን ቃል ግን አይግቡ። ትዕዛዝ ሲበዛ በቀን 3 ሰዓት ማሽን የሚያስነሱ ከሆነ 3 ይጻፉ። የተጻፈው ሁሉ ነገ ተቆጣጣሪ ይዞት የሚመጣው መለኪያ ነው።

መድረኩ ላይ

ጊዜዎ አጭር ነው፤ ብዙ ቦታ የሚሰጥዎት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ከቻሉ ቀደም ብለው የሌላ ሰው ጉዳይ የሚታይበት ስብሰባ ላይ ገብተው ይመልከቱ። ሲናገሩ ከድምፁ ይጀምሩ፣ ምክንያቱም ሁሉም የሚጠብቀው እሱን ነው። የለካችሁት ቁጥር፣ የዘጋችሁት ክፍተት፣ የመረጣችሁት ሰዓት፣ በቃ። ከዚያ አቧራ፣ እሳት፣ መኪና።

ጎረቤት ሲቃወም አያቋርጡት። ተራዎ ሲደርስ መልሱን ለቦርዱ ይናገሩ። ከባድ ጥርጣሬ ካለ «ለአንድ ዓመት ይፈቀድልኝና ቅሬታ መኖሩ ታይቶ ይታደስ» ብለው ራስዎ ሐሳብ ማቅረብ ይችላሉ። ለሚያመነታ ቦርድ ይህ ትልቅ መውጫ ነው።

ውሳኔው ከመጣ በኋላ

ተፈቀደ? የፈቃዱን ወረቀት እያንዳንዷን መስመር ያንብቡ። በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልተጀመረ የሚሰረዝ ፈቃድ አለ። ለእርስዎ ብቻ የተሰጠና ቤቱ ሲሸጥ የማይተላለፍም አለ። ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ እስኪያልፍ ከባድ ማሽን አይግዙ፤ ጎረቤትም ይግባኝ ማለት ይችላል። የዞን ፈቃዱ የንግድ ፈቃድን፣ የግብር ምዝገባንና የግንባታ ፈቃድን አይተካም። እነሱን ለየብቻ ያውጡ።

ተከለከለ? ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ምክንያቱ አንድ ማሽን ወይም አንድ ሰዓት ከሆነ አስተካክሎ ዳግም ማመልከት ከይግባኝ ይልቅ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ከእነጭራሹ ማሽን አይቻልም ከተባለም ሥራውን መክፈል ይቻላል። ቆርጦ መላጉን በጋራ ወርክሾፕ ወይም በኪራይ ማሽን ጨርሰው፣ ማጋጠሙንና ማጠናቀቁን ቤት ያድርጉት። ጥሩ የእጅ መላጊያና መሮ ያለው ሰው ብዙ ሥራ ያለ ጩኸት ይሠራል፤ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ቀላሉ በር ክፍት ሊሆን ይችላል።

ምናልባት ያለ ፈቃድ ጀምረው ከሆነ፣ አቤቱታ እስኪመጣ አይጠብቁ። ቀድመው የቀረበ ሰውና በማስጠንቀቂያ የመጣ ሰው እኩል አይታዩም። ማስጠንቀቂያ ከደረሰዎትም ማሽኑን ያቁሙ፣ በተጠቀሰው ቀን ገደብ ውስጥ በጽሑፍ ይመልሱ፣ የሚያመለክቱ መሆኑን ይግለጹ። ዝም ማለት ቅጣቱን በየቀኑ እንዲቆጠር ሊያደርገው ይችላል።

ከጀመሩ በኋላ አንድ ፋይል ይክፈቱ። ፈቃዱ፣ የማሽን ሰዓት መዝገቡ፣ የማጣሪያ ለውጥ ቀን፣ የመጣ ቅሬታና የሰጡት መልስ እዚያ ይግባ። ለጎረቤቶችዎ ስልክ ቁጥርዎን ይስጡና ከቢሮው በፊት ለእርስዎ እንዲደውሉ ይጠይቁ። ሰው ሲቀጥሩ፣ ሁለተኛ መጋዝ ሲያስገቡ ወይም ክፍሉን ሲያሰፉ ደግሞ ፈቃዱን አስቀድመው ያሻሽሉ፤ ማሻሻያው ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚገለጠው ያ ፋይል ነው።